ቸርችል በፕላስቲክ፣ ሽልንግ በአንደበት

በብዙ ሰው እጅ ገብቶ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ታይቶ፣ ነገር ግን ሐያሲ አጥቶ የኖረ አንድ የኅትመት ዘር ቢኖር የገንዘብ ኖት ነው። እኛ የስደት ጸሐፍት አምስት መቶ ቅጂ አሳትመን ግማሹ በወዳጅ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ፣ የእንግሊዝ ባንክ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2016 ለገበያ ያወጣው ባለ 5 ፓውንድ ፕላስቲክ ኖት ገና በመጀመሪያው እትሙ 440 ሚሊዮን ቅጂ ታትሞለታል። ሥዕል አለው፤ ጥቅስ አለው፤ ማንን ሊያስታውሰን እንደ ፈለገ የሚያስታውቅ ጭብጥም አለው። አሳታሚው ስለ ሥራው መግለጫ ሰጥቷል። ታዲያ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ተነቦ የማይመዘንበት ምክንያት አይታየኝም። በዚህ መጣጥፍ ይህን የለንደን ኖትና ከአራት ዓመት በኋላ አገር ቤት የተለወጠውን የብር ኖት ጎን ለጎን ለማንበብ እሞክራለሁ። የምመዝናቸውም በአንድ ጥያቄ ነው፦ ገንዘቡ ታናሹን እንዴት ያዘው? ትልቁ ኖት አንድ መንግሥት ስለ ራሱ የሚያስበውን ይነግረናል፤ ታናሹ ኖትና ሳንቲሙ ግን ከድሃው ጋር በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር ያሳብቃሉ። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሦስት ቃላት አዘጋጅቶ ጠብቆናል። ያልተመነዘረው ኖት «ድፍን» ይባላል፤ ድፍን መቶ ብር። የተመነዘረው «ዝርዝር» ነው፤ ይህም የአንድን ነገር ጥቃቅን ጉዳይ የምንጠራበት ቃል ነው። ከከፈሉት ተርፎ የሚመለሰው ደግሞ «መልስ» ነው። እንግዲህ በአማርኛ አንድ ሰው ገበያ ሲወጣ ድፍን ይዞ ይሄዳል፣ ዝርዝር ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል። የታክሲ ረዳት «መልስ የለም» ሲል ተሳፋሪው የሚሰማው ብስጭት ከአምሳ ሳንቲም በላይ የሚሆነው በከንቱ አይደለም።

በመጀመሪያ የለንደኑን እንይ። በ5 ፓውንዱ ጀርባ ያለው የዊንስተን ቸርችል ምስል ዩሱፍ ካርሽ በዲሴምበር 1941 ኦታዋ ላይ ካነሣው ዝነኛ ፎቶግራፍ የተወሰደ ነው። ከምስሉ አጠገብ የፓርላማው ሕንፃ አለ፤ የግንቡ ሰዓት በእነሱ ሦስት፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሟል። ቸርችል በሜይ 13 ቀን 1940 ለሕዝቡ ከድካምና ከእንባ በቀር የማቀርበው የለኝም ብሎ የተናገረበት ሰዓት መሆኑ ነው። ንግግሩ ከግርጌው ታትሟል። ሥራው ጥንቁቅ ነው፤ በብርሃን ወደ ውስጥ የሚያሳየው መስኮት፣ ሲያዘነብሉት ቀለሙን የሚለዋውጠው ንድፍ፣ ሁሉም የባለሙያ እጅ ያለበት ነው። ከቀድሞው የወረቀት ኖት 15 በመቶ ያህል አንሷል፤ ዕድሜው ግን በሁለት ተኩል እጥፍ ይረዝማል ተብሎ ተገምቷል። ባንኩ ስለ ፕላስቲኩ በሰጠው መግለጫ ደጋግሞ የተጠቀመባቸው ቅጽሎች ሦስት ናቸው፦ ንጹሕ፣ አስተማማኝ፣ ጠንካራ። ሦስቱም ስለ ኖቱ ይናገራሉ። ኖቱን ስለሚይዘው እጅ የሚናገር አንድም ቅጽል የለም።

ጉድለቱ የመግለጫ አጻጻፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። ለንደን ውስጥ በ2000ዎቹ ዓመታት የኖረ አንባቢ የ5 ፓውንድን ነገር ያስታውሳል፤ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ጠርዙ የተበላ፣ በፕላስተር የተጠገነ፣ እጅ ላይ የሚልፈሰፈስ ነበር። ምክንያቱ ስውር አልነበረም። የገንዘብ መክፈያ ማሽኖቹ የሚተፉት 20 እና 10 ፓውንድ ነበር፤ ባንኮች በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማሽኑ ውስጥ ለመጨመር ትልቁን ይመርጣሉና። 5 ፓውንዱ ከባለ ሱቅ ወደ ደንበኛ፣ ከደንበኛ ወደ ባለ ሱቅ መልስ ሆኖ ሲመላለስ፣ አሮጌው ተለቅሞ አዲሱ ወደሚተካበት ወደ ባንኩ ሳይመለስ ያረጃል። የባንኩ ገዥ የነበሩት ሜርቪን ኪንግ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ንግድ ባንኮችን ወትውተዋል፤ ከ2010 ገደማ ጀምሮም ማሽኖቹ ከቀድሞው የበለጠ 5 ፓውንድ ማውጣት ጀመሩ። እንግዲህ የታናሹ ኖት ሕመም የሥርጭት ሕመም ነበር። የመጣለት መድኃኒት ግን ቆዳውን የሚያጠነክር ሆነ። ፕላስቲክ ላለመቀደድ ይበጃል፤ በድሃ ሰፈር ያለ ማሽን ውስጥ ለመገኘት ግን ምንም አይበጅም።

የቸርችልን ፊት አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ከለንደናዊው በተለየ ዓይን ያየዋል። እኛ ቸርችልን መጀመሪያ ያወቅነው ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ለገሃር በሚወርደው ጎዳና ነው። ከዚያም ያ የፎቶግራፍ ዓመት፣ 1941፣ የእኛም ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ማለትም ሜይ 5 ቀን 1941፣ አዲስ አበባ ሲገቡ ነፃነቱን አብሮ ያመጣው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ገንዘብም ይዞ መጥቶ ነበር፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። የዚያ ገንዘብ ቦርድ የሚቀመጠው እዚሁ ለንደን ነበር። ነፃ ወጣ የተባለ አገር ጨውና ጤፍ የሚገዛበትን ገንዘብ መጠን ሌላ ከተማ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ሲወስኑ መኖሩ ለኢትዮጵያ መንግሥት ታላቅ ቅሬታ ነበር፤ የቅሬታው መልስ እስኪመጣም አራት ዓመት ፈጅቷል። (የወረቀቱ 5 ፓውንድ ሕጋዊነቱን ያጣው በሜይ 5 ቀን 2017 ነበር። የሚያዝያ 27ን ቀን ለንደን ባታስበውም አጋጣሚው ደስ ይላል።)

መልሱ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ ወጣ። በእንግሊዝኛው ዶላር፣ በአማርኛው ግን ምንጊዜም ብር የተባለው አዲስ ገንዘብ አንዱ በሁለት ሽልንግ ሒሳብ ተተካ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ታናሾቹን እናስተውል፤ የያኔው መንግሥት አስቦላቸው ነበርና። ለሃምሳ ሳንቲሙ የሚሆነውን እውነተኛ ብር ከአሜሪካ በብድር አመጣ፤ ከጠገራ ጋር የኖረ ሕዝብ ወረቀትን የሚያምነው ከወረቀቱ በታች የሚያቃጭል ብር ካለ ነው ብሎ። ሃያ አምስት ሳንቲሙ ከመዳብ ተሠራ። ወዲያው ብልጣ ብልጦች መዳቡን ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ዋጋ ይሸጡት ጀመር። መንግሥቱ ምን አደረገ? ሳንቲሙን ሰብስቦ ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አስቦርቡሮ መልሶ አወጣው፤ ማንበብ የማይችል፣ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ በጣቱ ዳሶ እንዲለየው። የዚያን ዘመን አስተዳደር ለማወደስ የተነሣሁ አይደለሁም፤ ብዙ የሚወቀስበት አለ። ነገር ግን ይህ ጠርዝ ለእኔ ከብዙ የዘመኑ ዐዋጅ ይበልጥ የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ከዚያም ሕዝቡ የራሱን ሥራ ሠራ። ሃምሳ ሳንቲም ትክክል የአንድ ሽልንግ ምንዛሪ ስለ ነበር ስሙን ይዞ ቀረ፤ «ሽልንግ» ተባለ። ሃያ አምስቱም «ስሙኒ» ሆነ። መንግሥት ሽልንግን በዐዋጅ አስወጣ፤ የአዲስ አበባ ልጅ በአንደበቱ አስቀረው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ኖቶቹን ሲለውጥና የንጉሡ ፊት ከገንዘቡ ላይ ሲወርድ፣ ሳንቲሙም የአንበሳ ራስ ያለበት ሌላ ሳንቲም ሲሆን፣ ሽልንግ አሁንም ሽልንግ ነበር። በራሷ በእንግሊዝ አገር ሽልንግ ከሒሳብ የወጣው ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ነው፤ የቀሩትም ሽልንጎች በ5 ሳንቲምነት ሲያገለግሉ ቆይተው በ1990 መጨረሻ ተሰናብተዋል። ለንደን የቀበረችውን ቃል መርካቶ ስታስተዛዝለው ኖረች ማለት ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ሄደን ብናዳምጥ ምኒልክ በ1894 ፓሪስ ላይ ካስመቱት ብር ጋር የመጡት ታናናሾች አሉ፦ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽ፣ መሐለቅ፣ ቤሳ። ከእነዚህ አብዛኞቹን የዛሬ ልጅ አያውቃቸውም። ቤሳን ግን ያውቃታል፤ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላልና። ሳንቲሟ ከጠፋች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ የድህነት መለኪያነቷ ግን አልጠፋም።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው የሚያሳስበኝ አንዱ ጉዳይ ይህ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ሰውን በሳንቲም ሲለካ ኖሯል። ስሙኒ የሚቆጥር ገጸ ባሕርይና ድፍን መቶ የሚመዝ ገጸ ባሕርይ አንድ መስመር ሳይናገሩ ይለያዩ ነበር። የዛሬው ደራሲ ለድሃው ምን ያስጨብጠው? በ2010 የወጣችው የአንድ ብር ሳንቲም፣ በአንድ ፊቷ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን ያለባት፣ ቅጽል ስም እንኳ ሳታወጣ ዋጋዋ አለቀ። ስም የሚወጣለት በእጅ ቆይቶ ሲታሽ፣ ልጅ ተልኮ ሲገዛበት ነው።

ወደ ፕላስቲኩ ልመለስና ስለ ሞራው አንድ ነገር ልበል፤ ጉዳዩ የእኛንም ቤት ያንኳኳልና። ኖቱ በወጣ በሦስተኛው ወር፣ በኖቬምበር 28 ቀን 2016፣ የእንግሊዝ ባንክ በፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ውስጥ በጣም ጥቂት የእንስሳ ሞራ እንዳለበት አመነ። ሥጋ የማይበሉ ሰዎችና የሂንዱ እምነት ተከታዮች ተቆጡ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፤ አንዳንድ ቤተ መቅደሶችም ኖቱን አንቀበልም አሉ። ባንኩ ሕዝቡን በይፋ ጠየቀ። መልስ ከሰጡት 3,554 ሰዎች ውስጥ 88 በመቶው የእንስሳ ተዋፅኦ ያለበትን ተቃወሙ፤ ባንኩ ግን በኦገስት 2017 ባለበት እቀጥላለሁ ብሎ ወሰነ። ሌላው አማራጭ የዘንባባ ዘይት ስለ ነበር፣ እሱም ደኑን ይጨፈጭፋል በሚባለው ክርክር ተተብትቦ ነበር፤ ወጪውም ቀላል አልነበረም። በእኛ በኩል ወሬው የደረሰን ጾመ ነቢያት ገብቶ ገና ሳምንት ሳይሞላው ነው። ጥሉላት የማይቀምሱ ምእመናን ሞራ ያለበትን ኖት በሙዳየ ምጽዋት ሲከቱ ቄሶቻችን ምን አሉ? እኔ እስከ ሰማሁት ድረስ ምንም አላሉም፤ ጾሙ የአፍ እንጂ የኪስ አይደለም ተብሎ በሣቅ ታለፈ። ሣቁን አልነቅፍም። ነገር ግን ሂንዱዎቹ ገንዘብን እንደሚነካ፣ እንደሚያረክስ ወይም እንደሚቀድስ ነገር አድርገው መውሰዳቸው ለጉዳዩ ከእኛ ሣቅ ይበልጥ የቀረበ ንባብ ይመስለኛል። በ1857 በሕንድ ወታደሮች ዘንድ ዓመፅ ከቀሰቀሱት ነገሮች አንዱ በላምና በአሳማ ሞራ ተቀብቷል የተባለ የጥይት መጠቅለያ ነበር፤ ባንኩ ያን ታሪክ ከማንም ይበልጥ ማወቅ ነበረበት።

ስለ 10 ፓውንዱ በአጭሩ። በ2013 ካሮላይን ክሪያዶ ፔሬዝ ባካሄደችው ዘመቻ ምክንያት ከንግሥቲቱ ሌላ አንዲት ሴት ከኖቶቹ እንዳትታጣ ተብሎ ጄን ኦስተን ተመረጠች፤ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2017 ወጣች። የተመረጠላት ጥቅስ ንባብን የሚያወድስ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ይህን የምትናገረው ግን መጽሐፍ የማትወድ፣ ሰው ለመማረክ ብቻ አንባቢ መስላ የተቀመጠች ሴት ናት። አራሚ ቢኖረው ኖሮ ያላለፈው ስሕተት ነው፤ ወይም ደግሞ ኦስተን ራሷ ብታየው የምትስቅበት ምፀት። የተርነሩ 20 በፌብሩዋሪ 2020፣ የቱሪንጉ 50 በጁን 2021 ተከተሉ።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሌላም ነገር አለ፤ ምሁራዊ አይደለም፣ ይሁን። በለንደን ሠርጋችን ዘፋኝ ሲሸለም ገንዘቡ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። የወረቀቱ ኖት ላብ ይጠጣ ስለ ነበር ይጣበቅ ነበር። ፕላስቲኩ ላብ አይጠጣም፤ ተንሸራትቶ ይወድቃል። ስለዚህ በብዙ አዳራሽ ሽልማቱ ከግንባር ወደ ኪስ፣ ከኪስም ወደ ሳጥን ወርዷል። ሳጥን ውስጥ የሚገባ ሽልማት ደግሞ መጠኑ ለሕዝብ አይታይም፤ ግጥም ያስወጣ የነበረው ፉክክርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ባለሙያዎቹ ለኖቱ ጥንካሬ የሞከሩት ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በመክተት እንጂ በአዝማሪ ግንባር ላይ አልነበረም።

ከተማይቱ ራሷ በዚያው ዘመን ከዝርዝር ጋር እየተፋታች ነበር። የለንደን አውቶቡሶች ጁላይ 6 ቀን 2014 ጥሬ ገንዘብ መቀበል አቆሙ። በ2017 በባንክ ካርድ የሚፈጸመው ክፍያ ቁጥር የጥሬ ገንዘቡን አለፈ። በ2018 መንግሥት የ1 እና የ2 ሳንቲሙን ዕጣ ለውይይት አቀረበ፤ ተቃውሞ ሲበዛ በ2019 ይቆያሉ አለ፤ በ2024 ግን አዲስ እንዲመታ አንድም ትእዛዝ አልሰጠም። በ2024 ከጠቅላላው ክፍያ በጥሬ ገንዘብ የተፈጸመው ከአሥር እጅ አንድ እንኳ አልሞላም። እንግዲህ ኖቱ ከምንጊዜውም ይበልጥ የማይቀደድ የሆነው ሰው መንካቱን ሊተው በቀረበበት ሰዓት ነው። ጁን 5 ቀን 2024 የንጉሥ ቻርልስ ፊት ያለባቸው ኖቶች ሲወጡ ለማየት የተሰለፉት አብዛኞቹ ሰብሳቢዎች ነበሩ።

የብሩ ለውጥ ደግሞ በሌላ መንፈስ መጣ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2020፣ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አዳዲስ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን፣ ከነሱም ጋር ከዚያ በፊት ያልነበረ የ200 ብር ኖት ይፋ አደረጉ። 2.9 ቢሊዮን ኖቶች በ3.7 ቢሊዮን ብር እንደ ታተሙ ተነገረ። የተሰጡት ምክንያቶች ሐሰተኛ ኖትን፣ ከባንክ ውጭ የተከማቸን ገንዘብና ሕገ ወጥ ንግድን መግታት ነበሩ። ለመለወጫ ሦስት ወር ተሰጠ። 5 ብሩ ከለውጡ ተርፎ ባለበት ቀረ፤ ወደ ሳንቲም ይለወጣል ተባለለት።

አሮጌዎቹን ኖቶች እስቲ እንደገና እናንብባቸው። እንግሊዞች በኖታቸው ላይ ስም ያላቸውን ታላላቆች ያስቀምጣሉ። የ1969 ዓ.ም. ብርና ተከታዩ ግን ስም የሌላቸውን ሰዎች ነበር ያስቀመጡት፦ በአንድ ብሩ ላይ አንድ ልጅ፣ በአምስቱ ላይ ቡና ለቃሚ፣ በአሥሩ ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት። ሐሳቡ የዘመኑ የአብዮት ሐሳብ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ነገር አሳክቶ ነበር። ኖቱን የያዘው ሰውና በኖቱ ላይ ያለው ሰው አንድ ዓይነት እጅ ነበራቸው። ልጁ በሳንቲም ተተካና ሄደ፤ ስፌት ሰፊዋ በ2020 ተሰናበተች፤ ከሦስቱ ቡና ለቃሚው ብቻ ተረፈ፣ እሱም ወደ ሳንቲም እስኪለወጥ። የሚገርመው የተሰናበቱት ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ሳይሆን የዋጋ ንረቱ እንዳዘዘ መሆኑ ነው።

የ200 ብር ኖት ሲወጣ ምንዛሪው ከ4 ፓውንድ በላይ ነበር፤ የቸርችልን ኖት ሊጠጋ ጥቂት ነበር የቀረው። ጁላይ 29 ቀን 2024 መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ 200 ብሩም ከ2 ፓውንድ በታች ወረደ። በአራት ዓመት ውስጥ የአገሪቱ ታላቅ ኖት ወደ ዝርዝርነት ተጠጋ። ታናሹን የመጠበቅ ጉዳይ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህ ሊያሳስበው ይገባል፤ ከታች ያለው መሰላል ሲወድቅ ከላይ ያለው ወርዶ ቦታውን ይይዛል።

የአዲስ አበባ ገበያ በበኩሉ መላ አላጣም። ሳንቲም ከታክሲ ረዳት እጅ ሲጠፋ ዝርዝር ሻጭ የሚባል ሥራ ተፈጠረ፤ የታክሲ መነሻ ላይ ቆሞ ድፍኑን ተቀብሎ ጥቂት ቀንሶ በሳንቲም የሚመልስ ሰው። ገንዘብ በገንዘብ ይሸጣል፣ ታናሹም ከታላቁ ይወደዳል። በሱቁ ደግሞ መልሱ በማስቲካና በከረሜላ መሰጠት ያዘ። ይህ ለብዙዎቻችን የሣቅ ወሬ ነው፤ እኔ ግን ታሪክ ወደ ኋላ ሲራመድ አየዋለሁ። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አገራችንን ሲጎበኝ በገበያው ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲሠራ አይቶ ጽፏል። አሞሌው ከአፋር እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ሲሰበርም ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን ይበላል። በኋላ ዘመን ጠገራ ብር ለትንሽ ግብይት ሲከብድ ጥይት እንኳ ዝርዝር ሆኖ አገልግሏል። ጨው፣ ጥይት፣ አሁን ደግሞ ማስቲካ፤ መንግሥት ታናሹን ገንዘብ በተወ ቁጥር ሕዝቡ የሚላስ ወይም የሚተኮስ ነገር ፈልጎ ይተካዋል። ከሦስቱ ደግሞ ማስቲካው ብቻ ተመልሶ አይገዛም፤ ያንኑ ማስቲካ ለሰጠው ባለ ሱቅ መልሰው ቢከፍሉት አይቀበልም።

ሁለቱ ኖቶች በጣም የሚለያዩት በሥዕላቸው አይደለም፤ በተስፋ ቃላቸው ነው። የእንግሊዝ ባንክ ለኖቱ ያዥ እከፍላለሁ ብሎ የጻፈውን ቃል አይሽርም። ከገበያ የወጣ የወረቀት ኖት፣ የቱንም ያህል ያርጅ፣ ባንኩ ዘንድ ሲቀርብ ይለወጣል። የ2020ው ብር ሦስት ወር ነበረው። ፈጣኑ ቀን የተቆረጠው በጆንያ ላከማቹት ነው ተባለ፤ ይሁንና ትልልቆቹ አከማቾች ባንክ ውስጥ የሚያውቁት ሰው አላቸው። ቀኑ የሚያጨልምባቸው ከመቀነት ሥር ያኖሩት ባልቴት፣ ከከተማ የራቀው ገበሬ ናቸው። ሦስቱ ወር ሳያልቅም፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2020፣ የትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ በዚያ ያሉ ባንኮች ተዘጉ። በዚያ ሰዓት መቀሌ ውስጥ አሮጌ መቶ ብር የያዘች እናት ወደ የትኛው መስኮት ትሂድ? ስለ አዲሱ ኖት ውበትና ቀለም ብዙ ተጻፈ፤ ስለዚህ ጥያቄ የተጻፈው ጥቂት ነው።

ዛሬ ይህ ሁሉ ያለፈበት ክርክር ነው የሚሉ አሉ። በሜይ 2021 ቴሌብር ተጀምሯል፤ በለንደንም የጎዳና ላይ መጽሔት የሚሸጡ ሰዎች ካርድ የሚያነብ መሣሪያ ይዘዋል፤ ስልክ ላይ ድፍንና ዝርዝር የለም፣ ሃምሳ ሳንቲምም ሚሊዮንም በአንድ ጣት ይሄዳል። ክርክሩ ጉልበት አለው፤ ዝርዝር ፍለጋ ሲንከራተት የዋለን የታክሲ ረዳት ያሳርፋል። ነገር ግን ስልክ የሌለው፣ ባትሪው የሞተበት፣ ኔትወርክ የተቋረጠበት ሰው ባለበት አገር ሳንቲም ማለት ፈቃድ የማይጠየቅበት ገንዘብ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠው ነዳይም የሚቀበለውን ማን እንደ ሰጠው ሳይመዘገብ ይቀበላል፤ ሰጪውም አንድ ብር ሰጥቶ ከነዳዩ ጨርቅ ላይ ሃምሳ ሳንቲም መልስ የሚያነሣበት፣ ሁለቱም የማያፍሩበት የቆየ ልማድ አለን። ይህን ልማድ የሚተካ ማሽን እስካሁን አላየሁም።

በጁላይ 2025 የእንግሊዝ ባንክ ቀጣዮቹ ኖቶች በምን ጭብጥ ይሣሉ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ታሪካዊ ሰዎች፣ ተፈጥሮ፣ ሥነ ሕንፃ፣ ፈጠራና ሌሎችም በምርጫነት ቀርበው ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በአገር ቤት እንዲህ ተጠይቀን አናውቅም። የቀረበው ምርጫ ግን ሁሉም የሥዕል ምርጫ ነበር። ታናሹ ኖት የት ሰፈር፣ በየትኛው ማሽን፣ በምን ያህል ብዛት ይገኝ የሚል መስመር አልነበረበትም።

አንባቢዬ መሳቢያው ውስጥ የወረቀት 5 ፓውንድ ካገኘ፣ መታወቂያውን ይዞ ትሬድኒድል ጎዳና ወዳለው ባንክ ይሂድ፤ ይለወጥለታል። ስፌት የምትሰፋዋን ሴት የያዘ አሮጌ አሥር ብር ካገኘ ግን የሚወስድበት የለም። እኔ በእጄ የቀረውን አንዱን፣ ይህን መጣጥፍ ስጽፍ ሳገላብጠው የሰነበትሁትን፣ በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ «ሽልንግ» ካለበት ገጽ ላይ አስቀምጬዋለሁ።